ዘነበወርቅ ለሽርሽር የወጣች ቀን

ዘነበወርቅ በዕድሜዋ ሙሉ ያለ ጉዳይ መኪና ላይ ወጥታ አታውቅም። መኪና ለእሷ ወይ ሐኪም ቤት ነው፣ ወይ ለቅሶ ነው፣ ወይ ደግሞ ከዶሮና ከቅቤ ጋር ተጨናንቆ ቡታጅራ ገበያ መውረድ ነው። ተራራና ሐይቅ አያለሁ ብሎ ነዳጅ የሚያቃጥል ሰው አለ ቢሏት «ጤናውን ነው?» ብላ ነበር የምትጠይቀው። ስለዚህ ይታገሱ፣ ያ አንድ ልጇ፣ ዓርብ ማታ ከአዲስ አበባ መጥቶ «እማዬ፣ ነገ ሽርሽር እወስድሻለሁ» ሲላት ግንባሩን ዳበሰችው፤ ያተኮሰው መስሏት።

«ምን ሆነሃል አንተ?»

«ምንም አልሆንኩም። የዘቢዳርን ተራራ ዕድሜ ልክሽን ከደጅሽ ቆመሽ ታዪዋለሽ። ከጀርባው ምን እንዳለ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ከጀርባውማ ጉመር ነው። ሰው ነው ያለው፣ ሌላ ምን ይኖራል?»

«ሐይቅ አለ። አገር አለ። በጉመር አድርገን፣ በእንድብር ወርደን፣ እስከ ወልቂጤ አሳይሻለሁ።»

አፏ «ሥራ ፈት» አለው እንጂ ሆዷ ደስ ብሎታል። ምን ይዋሻል፣ በጣም ነው ደስ ያላት። ባሏ ባዩ ከሞተ ወዲህ «ምን ትፈልጊያለሽ?» ያላት ሰው የለም። ይታገሱም ቢሆን መርካቶ ሱቅ ከከፈተ ጀምሮ የሚመጣው ለመስቀል ነው፤ መጥቶም ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ጓሮ ለጓሮ ሲዞር ይውልና ይሄዳል። አሁን ግን እግሯ ሥር ተቀምጦ «ጋቢሽን ያዢ፣ ደጋው ይበርዳል። ደህና ደህና ቀሚሶችሽንም ያዢ፣ ፎቶ አነሳሻለሁ» ይላታል። እንዲህ ያለውን ልጅ ማን ይጠረጥራል?

ጠዋት ስትወጣ ጉድ ጠበቃት። ጎረቤቱ በሙሉ ጀፎረው ላይ፣ ያ ከቤቶቹ ፊት ለፊት ያለው ሰፊ የሣር መንገድ ላይ፣ ወጥቶ ቆሟል። ሴቶቹ አንድ በአንድ እያቀፉ ሳሟት። የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ደበሌ ኮፍያቸውን አውልቀው ምርቃቱን ለቀቁት፦ «የምትሄጂበት ይቅናሽ፣ እንግዳ አያድርግሽ፣ ደግ ሰው ያጋጥምሽ!»

«ኧረ ጋሽ ደበሌ፣ ማታ እኮ ተመላሽ ነኝ! መኪና ላይ ወጣሁ እንጂ ጨረቃ ላይ አልወጣሁ!» አለች ዘነበወርቅ እየሳቀች።

ማንም አልሳቀም። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከወዲያ ማዶ የምትኖረው ሳሌሃ የሻርፗን ጫፍ ነክሳ ፊቷን አዞረች፤ እያለቀሰች ነበር። «አይ የባላገር ነገር!» አለች ዘነበወርቅ በሆዷ፤ «አንዲት ባልቴት መኪና ላይ ብትወጣ ይሄን ያህል ይለቀሳል?» ከሁሉ የገረማት ግን ዛህራ አለመውጣቷ ነው። ዛህራ አጥር ለአጥር ጎረቤቷ ናት። ልጆቻቸውን አብረው ያሳደጉ፣ በአረፋ አንዷ የሌላዋ እንግዳ፣ በመስቀል ሌላዋ የአንዷ እንግዳ ሆነው የኖሩ፣ አንዷ ስታስነጥስ ሌላዋ ከማዶ «ይማርሽ» የምትል ናቸው። ዛሬ የዛህራ በር ተዘግቷል። «ቀንታ ነው» ብላ ዘነበወርቅ ለራሷ ሳቀች፤ «ማታ መጥቼ ሁሉንም ስነግራት ይወጣላታል።»

መጀመሪያ የሄዱት ወደ ሀረ ሸይጣን ሐይቅ ነው። መኪናዋ ከአስፋልቱ ወጥታ አቧራውን ካቦነነች በኋላ ይታገሱ እጇን ይዞ አፋፉ ላይ አቆማት። ቁልቁል ስታይ ምድር ተቦርቡሮ፣ ከሥሩ አረንጓዴ ውሃ ጸጥ ብሎ ተኝቷል። ድንጋይ ቢወረውሩ ውሃው ጋ አይደርስም የሚባለውን ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማ ኖራለች። አንስታ ወረወረች። ድንጋዩ የት እንደገባ አላየችም። ሌላ ወረወረች። «ወይ ጉድ! እውነት ነው ለካ!» ብላ እንደ ልጅ እጇን አጨበጨበች። ይታገሱ ፎቶ አነሳት፤ አንስቶም ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ። «ምነው?» ስትለው «አቧራ ነው» አላት።

ከዚያ በቡታጅራ ተመልሰው ሽቅብ ወደ ዘቢዳር ወጡ። መንገዱ ሲጠማዘዝ ጆሮዋ ተደፈነ፤ የመኪናውን ወንበር ጨብጣ «እመብርሃን! እመብርሃን!» እያለች ሳቀች። ላይኛው ላይ ሲደርሱ ደመናው ከሥራቸው ነበር። ነፋሱ ጋቢዋን ሊወስድባት ይታገላል። ወደ ታች የእሷን አገር አየች፤ ሜዳው እስከ ቆሼ ከተማ ድረስ ተዘርግቶ፣ ቆርቆሮው እዚህም እዚያም ያብለጨልጫል። «ቤቴ የቱ ጋ ነው?» አለችው። ይታገሱ በጣቱ ወደ ታች ጠቆመ፤ ግን እሱ ራሱ ወደዚያ አላየም። «ከዚህማ አይታይም» አላት።

ስልኳ ተራራው ላይ ኔትወርክ የለውም። እሷም አላሰበችው። የጉመር ገብስ በነፋስ ሲተኛና ሲነሳ፣ ፈረስ የተቀመጡ ሰዎች ሰላም ብለዋት ሲያልፉ፣ አረቅጥ ሲደርሱ ሐይቁ ከሣሩ መሃል ብቅ ሲል፣ እሷ ዛሬ የምታስበው የለም። ሐይቁ ዳር ወርዳ እጇን ነከረች። ውሃው ይቀዘቅዛል። ነጫጭ ወፎች ከሣሩ ውስጥ ተነሡ። «አባትህ ይሄን ሳያይ ሞተ» አለች። «እኔን ግን አሳየኸኝ። እግዜር ይስጥህ ልጄ። ውለታህን ከልጅህ ተቀበል።» ይታገሱ ወደ መኪናው ቀድሟት ሄደ። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ይባል የለ? በሬውስ በሬ ነው። እሷ ሰው ሆና፣ ያውም የወለደችውን አምና፣ ሣሩን እያየች ትሄዳለች።

እንድብር ሲደርሱ ምሳ ሰዓት ሆነ። አንድ ክትፎ ቤት ገቡ። ቆጮው ተቆራርጦ፣ አይቡ ተከምሮ፣ ክትፎው በቅቤ ርሶ ቀረበ። ይታገሱ የመጀመሪያውን ጉርሻ በእጁ አጎረሳት። ከዚያ ስልክ ተደወለለትና «መጣሁ» ብሎ ወደ ውጭ ወጣ። እሱ እንደወጣ የእሷም ስልክ ጮኸ። ከደረቷ አውጥታ ከፈተችው።

«አንቺ ሴትዮ!» የዛህራ ድምፅ ነው፤ ያለቀሰ ሰው ድምፅ። «ይሄን ሁሉ ዘመን አጥር ለአጥር ኖረን፣ ሳትነግሪኝ ትሄጃለሽ? ወላሂ ካንቺ አልጠብቅም ነበር!»

«የት ሄድኩ? እንድብር ነኝ እኮ፣ ክትፎ እየበላሁ። ጠዋትስ ምን ሆነሽ ነው በርሽን የዘጋሽብኝ?»

«ቀልጂ! ቀልጂ እንጂ! ሰው ቤቱን ነቅሎ ሲሄድ ለጎረቤቱ አንድ ቃል አይተነፍስም? ልጅሽ ለዕድሩ ሁሉ ሲናገር እኔ ከሰው አፍ ልስማ?»

«ምን ብሎ ተናገረ?»

«ጠቅልላ አዲስ አበባ ልትገባ ነው ብሎ ነዋ! ስንብት አትችልም፣ አታንሡባት፣ ካነሣችሁባት ታለቅሳለች፣ ምንም እንዳልሆነ ሆናችሁ መርቃችሁ ሸኙልኝ ብሎ! ሰዉም እሺ ብሎ አፉን ያዘልሽ። እኔ ግን አልቻልኩም። እያወቅኩ እንዳላወቀ ሆኜ አልስምሽም። ለዚያ ነው የዘጋሁት።»

ከዛህራ ድምፅ ኋላ ሌላ ድምፅ ይሰማል። የመጥረቢያ ድምፅ ነው፤ የሴቶችም ንግግር አለበት።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች ዘነበወርቅ።

«እንሰትሽ ነው እንጂ ምን ይሆናል! እሷ ናት ተካፈሉት ያለችው ተብሎ ከጠዋት ጀምሮ ሲነቀል፣ ሲፋቅ። ቦታውን የገዛው ሰውዬ ሆቴል ሊሠራ ነው አሉ፤ ነገ ችካል ይተክላል።»

«ምን?» አለች ዘነበወርቅ። ከዚያ ዛህራ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አንቺ... አታውቂም?» አለች።

«ዛህራ። የእኔን እንሰት ነው የምትይኝ?»

«ያ አላህ! አታውቂም! ሰዎች፣ አታውቅም እኮ!»

ስልኩን ዘጋችው። አምና ይታገሱ «ግብሩን እኔ ልጨርስልሽ፣ ውክልና ስጪኝ» ብሎ ቡታጅራ ወስዷት ነበር፤ አውራ ጣቷን ነክራ አተመች። ሠላሳ ዓመት እሷና ባዩ ያን ጓሮ ሲተክሉ፣ ሲያዛውሩ፣ ፍግ ሲያለብሱ ኖረዋል። እንሰት ጎመን አይደለም፤ ዛሬ ተክለህ ለነገ አይደርስም። ያ ሁሉ ዓመት አሁን መጥረቢያ ሥር ነው። እሷ ደግሞ እዚህ ተቀምጣ፣ የሰው አገር ቆጮ ፊቷ ቀርቦላታል።

ይታገሱ ፈገግ ብሎ ተመለሰ። ሌላ ጉርሻ ጠቅልሎ ወደ አፏ አመጣ። አፏን አልከፈተችም።

«ጠገብሽ እንዴ?»

«ጠገብኩ።» ዓይን ዓይኑን አየችው። «ማታ ስንት ሰዓት ቤቴ እንገባለን?»

እድል እየሰጠችው ነበር። እናት አይደለች? አንዲት እውነት ቢናገር፣ አንዲት ብቻ፣ ምናልባት ትቀበለው ነበር።

«እንገባለን፣ አትቸኩዪ» አለና ቆጮውን ቆረሰ።

ያኔ ሆዷ ቆረጠ። ያም ሆኖ እዚያ ክትፎ ቤት ውስጥ፣ በሰው ፊት፣ ልጇን አላዋረደችም። ነጠላዋን አስተካክላ ተከትላው ወጣች።

ከእንድብር ወዲያ ያለው የቸሃ አገር እንዴት ያምራል! ጀፎረው እንደ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ትልልቆቹ የሣር ቤቶች በሁለት ረድፍ ቆመው፣ ከየቤቱ ኋላ እንሰቱ ጥቅጥቅ ብሎ። ጠዋት ቢሆን ኖሮ «ወይኔ!» እያለች አንገቷን ታስግግ ነበር። አሁን ያየችው እንሰቱን ብቻ ነው። ግራ እንሰት፣ ቀኝ እንሰት፤ ሁሉም ባለቤት አለው፣ ሁሉም ቆሟል።

«እማዬ፣ ጀፎረውን እዪው እንጂ!» አለ ይታገሱ።

«ዛህራ ደወለች» አለችው።

መኪናዋ ትንሽ ሄደችና መንገዱ ዳር ቆመች። ይታገሱ መሪውን እንደጨበጠ ቀረ። ከብት የሚነዱ ሰዎች አለፏቸው።

«እማዬ፣ እኔ... ለአንቺ ብዬ ነው። ብቻሽን ነሽ። አንድ ቀን ጓሮ ወድቀሽ ብትሞቺ ማን ያገኝሻል?»

«ዛህራ ታገኘኛለች።»

«ሲፈን ክፍል አዘጋጅታልሻለች። አልጋ ገዝታለች። ልጆቹ...»

«ሲፈንም ታውቃለች?» ራሷን ነቀነቀች። «ሚስትህ ታውቃለች፣ ዕድሩ ያውቃል፣ ቦታዬን የገዛው ሰውዬ ያውቃል። ከእኔ በቀር የማያውቅ የለም ማለት ነው።»

«ብጠይቅሽ እምቢ ትያለሽ!»

«አዎ፣ እምቢ እላለሁ! እምቢ እንደምል ካወቅህ ታዲያ ለምን አደረግኸው? እህል የምሰፍርብህ ልጅ ነህ? ራበኝ ብለህ ከለከልኩህ? ሱቄ ሊዘጋ ነው፣ አውጪኝ ብትለኝ ላሜን አልሸጥኩልህም ነበር?»

ይታገሱ አንገቱን ደፋ። ሱቁ እንደ ወትሮው እንዳልሆነ ያኔ ገባት፤ ግን መጠየቅ አልፈለገችም።

«ቆይ፣ ይሄን ሁሉስ ለምን አሳየኸኝ?» አለች፤ ድምፅዋ እዚህ ላይ ተሰበረ። «ሐይቁን፣ ተራራውን... ቀጥታ በዋናው መንገድ አዲስ አበባ አትወስደኝም ነበር? መኪና ውስጥ ከገባሁ ወዲያ የት አመልጥሃለሁ?»

«አገርሽን ሳታዪ እንዳትሄጂ ብዬ ነው። እውነቴን ነው እማዬ። ደስ እንዲልሽ ብዬ።»

«ብሎኝ ነበር» አለች ዘነበወርቅ። «ደስ ብሎኝ ነበር እኮ። መርቄህ ነበር።»

ወልቂጤ ደረሱ። ከተማዋ ባጃጁን፣ ሚኒባሱን፣ የተማሪውን ግርግር ይዛ መጣች። የአዲስ አበባው መንገድ ጋ ሲደርሱ ይታገሱ ፍሬቻ አበራ።

«አውርደኝ።»

«እማዬ፣ ተይ። ተመልሰሽ ምን ታገኛለሽ? የለም እኮ! አልቋል!»

«አውርደኝ አልኩህ!»

በሩን ለመክፈት ሞከረች። የቱን እንደሚጎትቱት፣ የቱን እንደሚጫኑት አታውቅም። ጠዋትም፣ ሐይቁም ጋ፣ ተራራውም ላይ የከፈተላት እሱ ነው፤ እሷ እንደ ወይዘሮ ተከብሬ ነው ብላ ነበር። አሁን መስተዋቱን በመዳፏ መታችው። ባጃጅ ነጂዎች ዞር ብለው አዩ። አንዱ ወጣት «ባባ፣ ማዘርን ምን እያደረግካት ነው?» ብሎ ቀረበ። ይታገሱ ፊቱ ቀላ፤ ወርዶ ዞረና ከፈተላት። እግሯ ላይ ሊወድቅ ሲል ተሻግራው ወደ መናኸሪያው ሄደች። ሻንጣዋን አልጠየቀችም። ጋቢዋ ትከሻዋ ላይ ነበር፤ እሱ ይበቃታል።

በሚኒባስ፣ ደግሞ በሌላ ሚኒባስ፣ ያንኑ መንገድ ተመለሰችበት። አረቅጥ ላይ አጠገቧ የተቀመጠችው ልጅ «ማዘር፣ ሐይቁን እዩት፣ ሲያምር!» አለቻት። ዘነበወርቅ «አይቼዋለሁ» ብላ ዓይኗን ጨፈነች።

ፀሐይ ወደ ዘቢዳር ስታዘቀዝቅ ሰፈሯ ደረሰች። ከሩቅ ቤቷን አየችው፤ ዱሮ ከሩቅ ቤቷ አይታይም፣ እንሰቱ ይጋርደው ነበር። አሁን ራቁቱን ቆሟል። ጓሮው በሙሉ ጉድጓድ ጉድጓድ ሆኗል። የተነቀለው ተጋድሞ፣ ሴቶቹ እንዳይበላሽ ብለው ጣውላውን አጋድመው በቀርከሃ መፋቂያ ይፍቃሉ። እሷን ሲያዩ እጃቸው ቆመ። በዛህራ አጥር በኩል ጥቂት ችግኝ ቀርቷል። ዛህራ እራሷ ችግኞቹ መሃል ተቀምጣለች፤ ከስልኩ በኋላ ማንንም አላስጠጋችም ነበር። ተነሥታ መጣችና አቀፈቻት።

ጋሽ ደበሌ ከሰዎቹ ጋር ጀፎረው ላይ ነበሩ፤ ዛህራ ጮሃ ሰብስባቸዋለች። ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቀረቡ።

«ዘነበወርቅ፣ እኛ ሞኞች ነን» አሉ። «ታለቅሳለች፣ አታንሡባት ሲለን ለአንቺ አዝነን ነው አፋችንን የያዝነው። በደግነታችን ገብቶ አሞኘን። አሁን ግን ከአፍሽ መስማት አለብን። ታውቂ ከነበረ፣ ልጅሽ ያደረገው በፈቃድሽ ከሆነ፣ እኛ አንገባም። አላውቅም ነበር ካልሽ ግን፣ ነገ ጠዋት ይሄ ሰፈር ወንድ ሴት ሳይል እዚህ ደጅ ይቆማል። ሰውዬው አንድ ችካል አይተክልም። ልጅሽም...» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የእናቱን ጓሮ በስርቆሽ የነቀለ ልጅ፣ እዚህ ሰፈር ሰላም የሚለው ሰው የለም። ለቅሶም አይደርስም፣ አይደረስለትም። እንረግመዋለን። አስቢበት።»

ሁሉም አፏን ያያል። ሳሌሃ መፋቂያዋን እንደያዘች ቆማለች።

ዘነበወርቅ አሰበች። አውቅ ነበር ብትል ማንም አይረግመውም። ነገ ሰውዬው ይመጣል፤ እሷም ሲፈን የገዛችላት አልጋ ላይ ትተኛለች፤ ይታገሱም በመስቀል አገሩ ሲገባ ጎረቤቱ ይስመዋል። አንዲት ውሸት ናት። እሱ ስንት ዋሽቶ የለ? አፏን ለውሸቱ ከፈተችው። ከዚያ የተገለበጠውን አፈር አየች፤ ባዩ የቆፈረውን።

«አላውቅም ነበር» አለች። «ሽርሽር ነው ብሎ ነው የወሰደኝ።»

ሴቶቹ «እሪ!» አሉ። ጋሽ ደበሌ ኮፍያቸውን አወለቁ፤ ፊታቸውን ወደ ፀሐይ መግቢያ አዞሩ። ሰዎቹ ከኋላቸው ተሰለፉ። ሽማግሌው ሁለት እጃቸውን ሲዘረጉ ዘነበወርቅ ክንዳቸውን ያዘች።

«ጋሽ ደበሌ፣ ትንሽ ይቆዩኝ።»

«ልታስምሪው ነው?»

«አይደለም።» ወደ ቤቷ ዞረች። «እኔ ቤት ልግባ መጀመሪያ። ስገባ ይርገሙት።»

ቀስ ብላ ገባች። ዛህራ ተከትላት ገባችና በሩን ዘጋችው። ሁለቱ ጨለማው ውስጥ መደብ ላይ ተቀመጡ። የሽማግሌው ቃል አይሰማም፤ ግድግዳው ወፍራም ነው። ሰዉ በአንድነት አሜን ሲል ግን ይሰማል፤ ዘነበወርቅም በየአሜኑ የዛህራን እጅ ጥብቅ አድርጋ ትይዛለች።